ፊታቸውን ይዛችሁ ውጡ

«ደግሞ ተኛህ?»



ወጣቱ ፊዚዮቴራፒስት ታካሚዎች እግራቸውን በሚያፍታቱበት ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ተጨፍኗል።

የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ትልቁ መስታወት ላይ ተንጋላለች። ክፍሉ ሁሉ ለብ ብሏል።

የክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች።

አንድ ቀን ቢሆን እሺ... በየቀኑ እኮ ነው! የመጨረሻው ታካሚ ወጣ ማለት፣ ወጣቱ ዓይኑን ከደነ ማለት ነው።

ባልደረቦቹ «አቶ ሸለብታ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ስም በማውጣት መቼም ማን ይችለናል...

የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ነው። ይቀጠር ወይስ ይሰናበት የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። እሷ ደግሞ ቆርጣለች።

ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ። የካቶሊክ መነኮሳት በሚመሩት ዩኒቨርሲቲ ተምራ የተመረቀች፣ እጇ የተባረከ ባለሙያ ናት። እሷ የያዘችው ወገብ ሳይቃና አይቀርም ይባላል።

ብቻ... ሥራው እየበዛ፣ ኮሪደሩ እየሞላ ሲሄድ እሷም ፈጠነች። ቤት ስትገባ እንቅልፍ እምቢ ይላታል። በቀደም ደግሞ ትንሿ ልጇ «እማ፣ ሳወራሽ የት ነው የምታዪው?» ብላ ጠይቃታለች።

«ነገ አትምጣ ልልህ ነው የመጣሁት» አለችው ድምጿን ሳታነሳ። «ግን ከመሄድህ በፊት ንገረኝ... ምንድን ነው የምታደርገው?»

ዓይኑን ገለጠ። አልደነገጠም።

የዛሬ ታካሚዎቹን መልሶ እያያቸው እንደሆነ ነገራት። ሕመማቸውን አይደለም፤ ፊታቸውን። አንዲት እናት ጠዋት ፈገግ ብለውለት እሱ ቸኩሎ ጉልበታቸው ላይ እንዳቀረቀረ፣ ነገ ከጉልበታቸው በፊት እሳቸውን ሰላም እንደሚል ነገራት።

ኃላፊዋ ወደ ፍራሹ ጠጋ አለች።

ይህን ነገር ታውቀዋለች...

ዩኒቨርሲቲ ሳለች አንዲት አረጋዊት መነኩሲት መምህር ነበሩ። «ቀስ በሉ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ስለማይጠፋ ተማሪዎቹ «ሲስተር ቀስ በሉ» ነበር የሚሏቸው።

የልምምዱ ሰዓት ሲያበቃ ማንንም ከክፍል አያስወጡም ነበር። ሁሉም ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ቁጭ ይላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በእጁ የነካቸውን ሰዎች አንድ በአንድ መልሶ ያያል።

«እጃችሁ ጉልበታቸውን አውቆታል» ይሉ ነበር። «እናንተ ፊታቸውን ይዛችሁ ውጡ። ያለዚያ ሥራው እናንተንም ይጨርሳችኋል።»

ተማሪው ይሳሳቃል። አንዳንዱማ እውነተኛ እንቅልፉን ይለጥጣል። እሷ ግን ተመርቃ ሥራ ከገባችም በኋላ አላቋረጠችውም ነበር።

ከዚያ... መቼ እንደተወችው እንኳ አታስታውስም።

«እስቲ አብረን እንየው... ይቀመጡ» አላት ወጣቱ፣ ፍራሹ ላይ ቦታ እየለቀቀላት።

ለምን እሺ እንዳለችው እሷም አታውቅም። ተቀመጠች። ጨፈነች።

ጉልበት መጣላት... ትከሻ መጣላት... የጎበጠ ወገብ... ያበጠ ቁርጭምጭሚት...

ፊት የለም።

ወደ ትናንት ሄደች። ወደ አምና ሄደች። ፊት የለም። አሁን ፈራች።

የፀሐይዋ ሙቀት የዓይኗ ቆብ ላይ አርፏል። ኮሪደሩ ላይ የአንድ ሰው እርምጃ እየራቀ እየራቀ ሄደ። እሷም አብራው ወደ ኋላ... ወደ ኋላ...

ከዚያ አንድ ፊት ብቅ አለ።

ቀጭን ልጅ ነው። እግሩ ተሰብሮ፣ ከጄሶ ከወጣ በኋላ መሬት መርገጥ የፈራ። «ዛሬ አልችልም» እያለ ጥፍሩን የሚበላ። የመጀመሪያውን እርምጃ የተራመደ ቀን ሳቀ... ሲስቅ አንድ ጉንጩ ብቻ ይሰረጎዳል።

ዓይኗን ገለጠች።

ወጣቱ አጠገቧ ተቀምጦ ፈገግ ብሎ እያያት ነው። አንድ ጉንጩ ብቻ ተሰርጉዷል።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ያኔ ከሕክምናው በኋላ ሁልጊዜ አጠገቡ ቁጭ ብላ ዓይኗን ስትጨፍን፣ ምን እንደምታደርግ ጠይቋት ነበር። «አንተን እያየሁህ ነው» ብላ መልሳለታለች። ይህን ሙያ የመረጠው በዚያች ቃል ነው። ሲመረቅ ሌላ ቦታ ሥራ እያለለት እዚህ የመጣውም እሷን ፍለጋ ነው።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ላባርርህ እኮ ነበር።»

«ስመጣ ትተውት ነበር...» አላት ቀስ ብሎ። «እስኪመለሱ ድረስ ለሁለታችንም ላድርገው ብዬ ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የማየው ፊት የእርስዎ ነበር።»

ኃላፊዋ አለቀሰች። ኃላፊ ነኝ፣ ሰው ያየኛል አላለችም... አለቀሰች።

ወጣቱ ሥራው ላይ ቀጥሏል። አሁን እዚያ ክፍል የመጨረሻው ታካሚ ሲወጣ በሩ ገርበብ ይላል። «የት ሄዱ?» ብሎ ለሚጠይቅ፣ ጥበቃው ሳቁን እየዋጠ ሁለቱም ሸለብ እንዳደረጋቸው ይናገራል።

ወዳጆቼ...

ጥሩ ትምህርት ቤት ሙያ ብቻ ሰጥቶ አይሸኝም። ሰውን ማየት ያስተምራል፤ የተማረውንም ሰው ከድካሙ የሚያድነው ይኸው ነው። እኛ ስንረሳው ደግሞ፣ አንድ ቀን ያካፈልነው ሰው ይዞልን ይቆያል።

እስቲ አሁን ስልካችሁን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡና ዓይናችሁን ጨፍኑ...

ዛሬ ካገኛችኋቸው ሰዎች የማን ፊት መጣላችሁ? ወይስ... ማንም አልመጣም? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ አነባለሁ።