አቋም የሌለው ሱቅ

ኤርትራ ነጻነቷን ባወጀች በሁለተኛው ዓመት፣ አሰብ ወደብ አጠገብ ሱቅ ያላቸው ፈረጅና ሚስቱ ሁሪያ በሲጋራ ተጣሉ። ጠቡ የተነሳው ፀሐይ በረድ ብላ መንገዱ በሰው ሲሞላ ነበር።

«ሳንባ የሚያቃጥል ነገር ከእንግዲህ አልሸጥም» አለች ሁሪያ ደጃፉ ላይ ቆማ።

«ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም የዋለን ሰው አንቺ ልታሳድጊው ነው?» አለ ፈረጅ።

በማግስቱ ሱቁ በጣውላ ለሁለት ተከፈለ። በእሷ በኩል «ሲጋራ የለም»፣ በእሱ በኩል «ሲጋራ አለ» ተብሎ ተጻፈ። ሚዛናቸው አንድ ስለነበር፣ ፊታቸውን አዙረው በጣውላው ላይ ይቀባበሉታል። ይህን ያየ ሁሉ «ተፋቱ» እያለ አዘነ።

ከተማውም ተከፈለ። ሚስቶች ስኳር ከሁሪያ ገዙ። የወደብ ወዛደሮችና የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ የማያጨሱት ጭምር፣ ስለ ወንድ ልጅ መብት ሲሉ ሳሙና ከፈረጅ ገዙ።

የተጎዳው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው መርሻ ነው። ከነዳጅ ማጣሪያው ጡረታ ሲወጣ የነበረውን ሁሉ ያፈሰሰው ሱቁ ላይ ነበር፤ እስከዚያ ድረስም የሰፈሩ ገበያ የሱ ነበር። አሁን ዝንብ እሽ ይላል። ቢጨንቀው «ሲጋራ ለጠየቀ አለ፤ ላልጠየቀ የለም» ብሎ ለጠፈ።

«ጋሽ መርሻ፣ እርስዎ ለብ ያሉ ሰው ነዎት» አለችው የድሮ ደንበኛው ፀዳለ። «አቋም ከሌለው ሰው ዘይት አልገዛም።»

«ዘይቱ ምን አደረገሽ?»

«ዘይቱም አቋሙን አልነገረኝም።»

መርሻ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር ለመሞከር ቆረጠ። ባልና ሚስቱ ቢታረቁ ጣውላው ይነሳል፤ ሰዉም ወገን መለየቱን ትቶ እንደ ድሮው ይገበያያል። ለሽምግልና ሄደ። ሁሪያ አለቀሰች። ፈረጅ «በሷ ነገር አይምጡብኝ» አለ። ሁለቱም ግን «ገበያ እንዴት ነው?» ብለው መጠየቁን አልረሱም።

በመጨረሻ ቃዲው ዘንድ ገባ።

«ሼህ፣ የፈረጅና የሁሪያ ፍቺ መመለሻ የሌለው ሦስተኛው ካልሆነ፣ እባክዎ ያስታርቁልኝ» አለ።

«የምን ፍቺ?» አሉ ቃዲው። «ትናንት ከአንድ ትሪ እራት አብልተውኛል፤ ፊት ለፊታችን ያለው ሱቅ ሊዘጋ ነው፣ ልንገዛው ነውና ዱዓ ያድርጉልን ብለው።»