ግማሽ ላይ የቆመችው ጥይት

«እምየ፣ አፈሙዙ ይለወጥ ወይስ አንድ ክረምት ይችላል?»

ልጇ ይሄይስ ነው እናቱን የሚጠይቃት። በጠመንጃው አፈሙዝ ጫፍ የጥይት ሹል ጫፍ ከቷል። ጥይቷ እስከ ቀለሃው ከገባች አፈሙዙ ተበልቷል ማለት ነው፤ ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። የእሱ ጥይት ግን ግማሽ ላይ ቆመች። ወደ ውጊያ የሚሄዱት ጓደኞቹ ከአጥሩ ውጭ ይጣራሉ፤ «ይሄይስ! ጠመንጃህን ልትድራት ነው እንዴ?»

እናቱ ጎንበስ ብላ አየች። አፈሙዝ የሚለውጠው ሰው ያለው ዳንግላ ነው፤ አምስት ቀን ይፈጃል። ልጇ አምስት ቀን ቤት ይውላል። አውራ ጣቷን ጥይቷ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ገፋቻት።

«አየህ፣ ገባች። አልቆለታል፤ ይለወጥ።»

መጀመሪያ ጣቷን፣ ቀጥሎ ፊቷን አየ። ጥይቷን ነቅሎ መዳፏ ላይ አኖረላት።

«እሽ። እንግዲያው አንቺ አስለውጭልኝ» አለ። ጠመንጃውን ምሰሶው ላይ አስደግፎ ከበሩ ጀርባ ሽመሉን አነሳ።

«አንተ ልጅ! ባዶ እጅህን?»

«እየጠበቁኝ ነው፣ እምየ።»

ጠመንጃው ከእሷ ጋር ቀረ። ልጇ ሄደ።