ቁልፉ በየት በኩል ነው

በዮርክሻየር ጠረፍ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት፣ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች አንድ የጥንት አስፈሪ ልቦለድ ያነባሉ። ባል ሚስቱን «አሟታል» እያለ ግንብ ውስጥ የሚዘጋባት፣ መንፈስ ሰንሰለት የሚጎትትበት ዓይነት ነው። በየሳምንቱ የተሰማቸውን በደብተር ጽፈው ለአስተማሪያቸው ለሂላሪ ሆልሮይድ ያስረክባሉ።

«በደንብ ጻፉ» ትላቸዋለች። «ራት ላይ ባለቤቴም ያነበዋል።»

ተማሪዎቹ ይስቃሉ። አብዛኞቹ ከኢንተርኔት የገለበጡትን ነው የሚያመጡት። ብሪዮኒ ሳጋር ግን እንዲህ ጻፈች፦

«መንፈሱ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ በሩ ነው። ቁልፉ በውጭ በኩል ነው ያለው።»

ሂላሪ ደስ አላት። «ግሩም» ብላ ልትጽፍበት ስትጀምር ከደጅ የባሏ የክላይቭ መኪና ሁለቴ ጡሩንባ ነፋ። ክላይቭ ጠዋት ያደርሳታል፣ ከሰዓት ይወስዳታል። የሥራ ባልደረቦቿ ይቀኑባታል። ደብተሮቹን ሰብስባ ሮጠች።

በሳምንቱ ብሪዮኒ፣ «ሴትየዋ ሰው ፊት ትስቃለች። ሠረገላው ሲመጣ ግን ፊቷ ይጠቁራል» ብላ ጻፈች።

የወላጆች ቀን ደረሰ። የብሪዮኒ አባት ስጋ ሻጭ ነው፤ ክንዱ የበግ ጭን ያህላል፣ ከአፉ ቃል አይወጣም። ስለ ልጁ ውጤት አንድም ነገር አልጠየቀም። ሂላሪን ትኩር ብሎ ሲያያት ቆየና፣

«እጅዎን ምን ነካዎት?» አላት።

«የመኪና በር ነው» አለችው። ምን ዓይነት ስድ ነው! በእኛ ከተማ ሰው ስለ ዝናቡ ይጠየቃል እንጂ ስለ እጁ አይጠየቅም።

ሦስተኛው ጽሑፍ አስደነገጣት።

«ጎረቤቶቿ ጨዋዎች ናቸው። የሚገድላት ጨዋነታቸው ነው። ማንም ካልጠየቃት እስከ መቼ ትቆያለች?»

ሂላሪ ልቦለዱን ከዳር እስከ ዳር ገለጠችው። ግንቡ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ነው፤ ሴትየዋ ጎረቤት የላትም። ልጅቷ የምትጽፈው ስለ መጽሐፉ አይደለም።

ክላይቭ ራት ላይ ጮክ ብሎ አነበበውና ሳቀ። «የዚያ ስጋ ሻጭ ቤት ጤና የለውም። ተይው፣ አንቺን አያገባሽም።»

ሂላሪ ግን መተው አልቻለችም። ልጅቷን ትወዳታለች፤ አሁን ደግሞ ፈራችላት። ደንቡ ግልጽ ነው፦ በልጅ ላይ አደጋ የጠረጠረ አስተማሪ ሳይዘገይ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ለሚስተር ታንዲ መናገር አለበት። ካፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። ብትሳሳት የአንድ አባት ስም ይጠፋል። ብትዘገይ ልጅቷ ትጠፋለች።

በማግስቱ ጠዋት ደብተሩን ታንዲ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«አባትየው ይመስለኛል» አለች።

ታንዲ ብሪዮኒን ብቻዋን አንድ ሰዓት አነጋገራት። ከዚያ ስጋ ሻጩን አስጠራ። በመጨረሻ፣ ትምህርት ሲያልቅ፣ ሂላሪን አስገባት።

ብሪዮኒ ዓይኗ በእንባ አብጧል። አባቷ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ ወደ ደጅ ያያል። ሂላሪ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠችና ትከሻዋን አቀፈቻት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካሽም።»

ብሪዮኒ ይበልጥ አለቀሰች።

ከደጅ ጡሩንባ ሁለቴ ተነፋ። ሂላሪ ቦርሳዋን ይዛ ብድግ አለች።

«ተቀመጪ ሂላሪ» አለ ታንዲ። ስጋ ሻጩን አይደለም የሚያየው፤ የሂላሪን እጅ ነው። «ይንፋ፣ ተይው።»

ስጋ ሻጩ መጋረጃውን ሳበና ወደ እሷ ዞረ።

«እኛ ቤት ላይኛው ክፍል ተነጥፎልዎታል፣ ሚስዝ ሆልሮይድ። ቁልፉ በውስጥ በኩል ነው።»