ሦስት ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ በኢሚግሬሽን ቢሮው ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትቆም የመኖሪያ ካርዷን በመዳፏ ከድና ያዘችው። ጊዜው ካለፈ ሰንብቶ ነበር። «ካርዱ ያለፈበትን ሰው እዚያው ይዘው ነው ወደ አገሩ የሚሸኙት፤ ልብሴን ላምጣ ቢል አይሰሙትም» ብላታለች ጎረቤቷ። ስለዚህ በካፖርቷ ሥር ሦስት ቀሚስ ደርባ መጣች፤ ላቡ በጀርባዋ ይንቆረቆራል።

ጸሐፊዋ ካርዱን ተቀብላ አገላበጠችውና ይዛው ወደ ውስጥ ገባች። በሩ ተዘጋ። ልብስ ሰፊዋ የመስኮቱን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጋ ያዘች።

ጸሐፊዋ ተመልሳ፣ «እማማ፣ ያለፈበት ካርዱ ብቻ ነው። ፈቃድዎ ቋሚ ነው፤ ማንም አይነካብዎትም። አዲስ ካርድ እንሠራልዎታለን፤ ካፖርትዎን ያውልቁና ለፎቶ ይቀመጡ» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ፈራ ተባ እያለች የካፖርቷን አንድ ቁልፍ ፈታች። በሩን አየችና መልሳ ቆለፈችው።

«ልጄ» አለች፣ «ቋሚ ማለት እስከ መቼ ነው?»