ሰማያዊው አውራ ጣት

ውድድሩ ገና የመጀመሪያው ዳገት ላይ ሳለ የትንሹ ሲቨርት የበረዶ መንሸራተቻ በረዶውን አልይዝ አለ። ልጁ አንድ እርምጃ ሲወጣ ሁለት ይመለሳል፤ ከኋላው የተነሱት እያለፉት ሄዱ። አባቱ ተመልካች ከሚቆምበት ገመድ ጀርባ ሆኖ "በርታ የኔ ልጅ! ግፋ!" እያለ ጮኸ።

"ማነው ለዚህ ልጅ ሰማያዊ ሰም የቀባለት?" አለ አጠገቡ የቆመ ሰውዬ። "እሱ እኮ መንሸራተቻውን የሚያስይዘው በደረቅ ብርድ ነው። በዚህ በሚቀልጥ በረዶ? ሰክሮ መሆን አለበት!"

አባትየው አልሰከረም ነበር። ዛሬስ ጠብታ አልቀመሰም። ማለዳ፣ በረዶው እንደ ድንጋይ ደርቆ ሳለ፣ የገዛ አባቱ ያደርግለት እንደነበረው ሰሙን መንሸራተቻው ላይ በአውራ ጣቱ ሲያሽ ቆየ። የሚሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ ተዘግቶ ሥራ ከፈታ ወዲህ ለልጁ የሚሰጠው ሌላ ነገር አልነበረውም። ፀሐይዋን ግን ረሳት። ሰማያዊ የሆነውን ጣቱን ኪሱ ውስጥ ደበቀ።

ያኔ ትዝ አለው። መነሻው ላይ ልጁ ይህንኑ ጣት አይቶ ነበር፤ የጓደኞቹንም ለሚቀልጥ በረዶ የሚሆን ቀይ ሰም አይቷል። አሰልጣኙ "ና ሰሙን ቶሎ ልቀይርልህ" ሲለው፣ "ተወው፣ አባዬ ቀብቶልኛል" ብሎ ነው ጫማውን መንሸራተቻው ላይ የቆለፈው።