ከመጋረጃው ወዲህ

«አሎራ፣ እንግዲህ እዚህ ጋ ምንም የለም። ልለፈው?» ትላለች የፊልም ማከማቻው ሠራተኛ ፓኦላ፣ እጇን የፊልሙ መዘውር ላይ እንዳደረገች።

«ቁሚ!» ይሏታል አያቴ አባባ ገብረሃና በጣልያንኛ።

ድምፅ አልባው ፊልም የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የተነሳ ነው። አንድ ደጃዝማች ሐይቅ ዳር ይዝናናሉ። ዳክዬ ተኩሰው ይስታሉ፤ ሁሉም ያጨበጭባል። አሁን ምሳ ላይ ናቸው። ሲበሉ የሰው ዓይን እንዳያርፍባቸው ሁለት አሽከሮች ነጠላ ወጥረው ጋርደዋቸዋል። የሚታየው ነጭ ጨርቅና የሁለት ሰው ጀርባ ብቻ ነው።

ፊልሙ እየበሰበሰ ነው፤ ማከማቻው ደግሞ ሁሉንም የሚያድንበት ገንዘብ የለውም። ማንነቱ የታወቀ ሰው ያለበት ቁራጭ ይገለበጥና እሁድ ለሮም ሐበሻ ይታያል። የቀረው ይቃጠላል። አባባ ገብረሃና የመጡት አያታቸውን ለይተው ሊያሳዩ ነው።

«አያቴ ከደጃዝማቹ ጋር ከአንድ መሶብ ነው የበላው።» ይህን ከእሳቸው አፍ ያልሰማ ሐበሻ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የለም። የሀብታሞቹ ሰፈር ፓሪዮሊ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ፖርቲዬሬ፣ በር ጠባቂ ሆነው ለአንዲት የባላባት ዘር ኮንቴሳ በር ሲከፍቱ ቀጥ አድርጎ ያቆማቸው ይኸው ነው። ሴትዮዋ «ቻኦ፣ ጋብሪዬሌ» ስትላቸው በሆዳቸው «የአሽከር ዘር» ይሏት ነበር።

«ነጠላው ሲወርድ ከደጃዝማቹ ጎን ታዪዋለሽ» ይላሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «ግራ ጆሮው በጥይት የተጎመደ ነው።»

ከጨርቁ በላይ አንድ እጅ ብቅ ይልና አጥንት ይወረውራል። ውሻ ይሮጣል። ነጠላ ከያዙት አንዱ ፊቱን አዙሮ አጥንቱን በዓይኑ ይከተላል። ምራቁን ይውጣል።

ግራ ጆሮው ግማሽ ነው።

ፓኦላ ፊልሙን ታቆማለች። «ታውቁታላችሁ?»

«አባባ፣ ጆሮው እኮ…»

«ጆሮው የተቆረጠ ስንት አለ!» አርባ ዓመት የተናገሩት ጣልያንኛ ድንገት ጠፍቶባቸዋል። «ንገሪያት። የማንም አሽከር ነው በያት።»

«ይቃጠላል እኮ!»

«እና እሁድ ሐበሻው ሁሉ፣ እነተኽለብርሃን ሳይቀሩ ይዩት? ዓይናለም፣ ንገሪያት አልኩሽ!»

ፓኦላ ታየኛለች። «አሎራ?»

«ኔሱኖ» እላለሁ። ማንም አይደለም።

«ቫ ቤኔ» ትላለች፤ እሺ ማለቷ ነው።

መቀስ ልታመጣ ትወጣለች። እኔና አባባ ምስሉ ላይ ከቆመው ሰውዬ ፊት ተቀምጠናል። እጆቹ እንደተዘረጉ ናቸው፤ ነጠላውን አላወረደም።