ከሞንትሪያል እስከ ካዛብላንካ

ዙሁር በካዛብላንካ አውሮፕላን ማረፊያ በር ፊት ለፊት፣ ለእንግዳ የሚቀርበውን ቴምርና ወተት ይዛ ከእናቷ ጎን ቆማለች። ወንድሟ ኢድሪስ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ መምጣቱ ነው። ለአባታቸው ቀብር እንኳ "ሦስት አውሮፕላን ነው፣ ሁለት ቀን ይፈጃል" ብሎ ቀርቷል።

"ከሞንትሪያል ነው እንግዳችሁ?" አለ ጋሪ የሚገፋው ሠራተኛ። "አውሮፕላኑ አርፏል። ሰባት ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው፣ ቀጥታ በረራ ነው።"

"ቀጥታው መቼ ተጀመረ?" አለች ዙሁር።

"እኔ ስቀጠር ነበር። ሃያ ዓመት አለፈኝ።"

ዙሁር ወደ እናቷ ዞር ስትል ወተቱ ጣቶቿ ላይ ፈሰሰ። "ሰማሽ እማዬ? ሰባት ሰዓት! እኔ እኮ አባዬን ለመቅበር ከኡጅዳ አሥር ሰዓት በባቡር ተንገላትቼ ነው የደረስኩት። ይውጣ ብቻ፣ ይህን ወተት አናቱ ላይ ነው የምደፋው።"

እናትየው ጣቶቿን በሻሻቸው ጫፍ አበሱላት። "ካወቅሁ ስድስት ዓመቴ ነው" አሉ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ሰባት ሰዓት ከሆነማ፣ ያልመጣው ስላልፈለገ ነው። ሁለት ቀን ይሻለኛል።"

በሩ ተከፈተ። እናትየው ወደ በሩ እያዩ የዙሁርን ክንድ ጨበጥ አደረጉ።

"ከፈለግሽ ነገ ተጣይው። እኔ ፊት ግን ሰባት እንዳትይው።"